ስለ ጠንካራ ውሃ ጠባይና በቤት ዕቃዎች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት
(ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ)

መግቢያ

በአዳማ (ናዝሬት)፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአካባቢያቸው ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስንዘዋወር የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት አባላት ደጋግመው የሚያነሡልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምንድን ነው? ይጎዳናል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የጓዳ ጉዳይ ቢመስልም የግብርና ጉዳይም ነው። ምክንያቱም ማንቆርቆሪያ የሚያቆሽሸው ውሃ የፓምፕ ራዲያተር ይደፍናል፣ የመርጫ አፍንጫ ይዘጋል፣ የአረም መድኃኒትንም ኃይል ያደክማል።

በዚህ ጽሑፍ የጠንካራ ውሃን ጠባይ፣ የሚያደርሰውን ጉዳትና የመከላከያውን ዘዴ እንገልጻለን። ከዚህም ጋር ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ አስተሳሰብ ለማረም እንሞክራለን። ይህም «ቅርፊት የማይተውና ሳሙና ቶሎ የሚያስነሳ ውሃ ሁሉ መልካም ውሃ ነው» የሚለው ነው። ይህ አስተሳሰብ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አደገኛ ነው።

1. ጠንካራ ውሃ ማለት ምን ማለት ነው?

የዝናብ ውሃ ከአየርና በተለይም ከአፈር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይዞ ወደ መሬት ይሰርጋል። በዚህም ምክንያት ደካማ አሲድ ይሆናል። በአፈርና በድንጋይ መካከል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም የተባሉትን ማዕድናት አሟሙቶ ይወስዳል። እነዚህ ሁለት ማዕድናት የበዙበት ውሃ ጠንካራ ውሃ ሲባል፣ ያነሱበት ደግሞ ለስላሳ ውሃ ይባላል።

የውሃ ጥንካሬ የሚለካው በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ባለው የካልሲየም ካርቦኔት ሚሊ ግራም ልክ ነው። በተለምዶ የሚሠራበት አከፋፈል የሚከተለው ነው።

— እስከ 60 ሚሊ ግራም፦ ለስላሳ
— ከ60 እስከ 120 ሚሊ ግራም፦ መካከለኛ
— ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም፦ ጠንካራ
— ከ180 ሚሊ ግራም በላይ፦ በጣም ጠንካራ

ጥንካሬው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጊዜያዊ ጥንካሬ ሲሆን ውሃው ሲፈላ ይወገዳል። ሙቀቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚያባርረው ካልሲየሙ ተሟሙቶ መቆየት ያቅተዋል፤ ስለዚህም ነጭ ድንጋይ ሆኖ በዕቃው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ይህን ነው በዚህ ጽሑፍ ቅርፊት የምንለው። ሁለተኛው ቋሚ ጥንካሬ ሲሆን በማፍላት አይወገድም።

ቅርፊቱ ጥቂት በጥቂት ስለሚከማች ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ለምሳሌ ጊዜያዊ ጥንካሬው 200 ሚሊ ግራም የሆነ ውሃ በቀን 20 ሊትር የሚያፈላ አንድ ሻይ ቤት ቢበዛ በቀን 4 ግራም ቅርፊት ያገኛል። ይህ በዓመት ሲደመር ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ያን ያህል ድንጋይ በማሞቂያ ውስጥ ተጋግሮ ዕቃው በደኅና ይሠራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

በጠንካራ ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም በራሱ ለጤና ጎጂ አይደለም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየው ቅርፊትም መርዝ አይደለም። ጉዳቱ በዕቃ፣ በነዳጅ፣ በኤሌክትሪክና በሳሙና ወጪ ላይ ነው።

2. የስምጥ ሸለቆ ውሃ ጠባይ

የስምጥ ሸለቆ መሬት በእሳተ ገሞራ የተሠራ ነው። ውሃው በአመድ፣ በፓሚስና በሌሎችም የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ውስጥ ረዥም ጊዜ ሲቆይ ከካልሲየም ይልቅ ሶዲየምን እየበዛ ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ የተለያየ ጠባይ ያላቸው ውሃዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆኑት ሐይቆቻችን ናቸው። የዝዋይ ሐይቅ ውሃ ዓሣ የሚረባበትና መስኖ የሚለማበት ነው። ከዚያው ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ውሃ የሚደርሰው አቢጃታ ግን ሶዳ የበዛበት ነው፤ ከውሃው ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካም በዳርቻው ተተክሎበታል። ከብት አርቢውም ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ተራውን ውሃ ከሆራው ለይቶ ከብቱን በየተራው የሚያጠጣው ስለዚህ ነው።

በከተማም ቢሆን ሁሉም ቧንቧ አንድ ዓይነት ውሃ አያወርድም። አዳማ ከአዋሽ ወንዝ ተቀድቶ የተጣራ ውሃ የምታገኝ ሲሆን፣ በዙሪያዋ ያሉ ብዙ ቀበሌዎች፣ እርሻዎችና ድርጅቶች ግን የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ይጠቀማሉ። የወንዝ ውሃ በክረምት ቀጥኖ ደለል ይበዛበታል፤ በበጋ ደግሞ ማዕድኑ ከፍ ይላል። የጉድጓድ ውሃ ከወቅት ወቅት ብዙ ባይለዋወጥም ከጉድጓድ ጉድጓድ ግን በእጅጉ ይለያያል። በመሆኑም «የጎረቤት ጉድጓድ ደኅና ነውና የእኛም ደኅና ነው» ማለት አይገባም።

3. በቤትና በማኅበር ዕቃዎች ላይ የሚደርስ ጉዳት

ሀ) የውሃ ማሞቂያና ማንቆርቆሪያ፦ ቅርፊት ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከብረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ውስጥ የሚግለው ብረት በቅርፊት ከተሸፈነ ሙቀቱን ለውሃው መስጠት ስለሚያቅተው ራሱ ከልክ በላይ ይግልና ይቃጠላል። የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ በቅርፊት ከተደፈነ ደግሞ ነገሩ ከወጪ አልፎ ለሕይወት ያሰጋል።

ለ) የእንፋሎት ካውያ፣ የልብስ ማጠቢያና የቡና ማሽን፦ የካውያው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ አልፎ አልፎም ነጭ ፍርፋሪ በልብስ ላይ ይተፋል። የማኪያቶ ማሽን ቀጫጭን ቱቦዎች ስላሉት ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

ሐ) ሳሙና፦ ካልሲየም ከሳሙና ጋር ተዋሕዶ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል። አንድ ግራም ጥንካሬ ወደ 6 ግራም የሚጠጋ ሳሙና ያባክናል። ከላይ በጠቀስነው ባለ 200 ሚሊ ግራም ውሃ በ20 ሊትር የሚታጠብ ልብስ አረፋ ከመነሣቱ በፊት 24 ግራም ያህል ሳሙና ይበላል ማለት ነው። ዝቃጩም በነጭ ልብስ ላይ ተጣብቆ ያወይበዋል።

መ) ወጥ ቤት፦ ቦሎቄ፣ ሽምብራና ባቄላ በጠንካራ ውሃ ቶሎ አይበስሉም። ካልሲየሙ የፍሬውን ግድግዳ ስለሚያጠነክረው ነው። ቦሎቄ በብዛት በሚመረትበት በዚህ አካባቢ የማገዶው ብክነት ቀላል አይደለም። ገበያ ላይ «ይህ ቦሎቄ አይበስልም» ተብሎ የሚወቀሰው ዘር አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የውሃው ይሆናል። በአንጻሩ ሶዳ ያለበት ውሃ ቦሎቄን ቶሎ ያበስላል፤ የአሉሚኒየም ድስትን ግን ያጠቁራል።

ሠ) ፓምፕና ተሽከርካሪ፦ በዲዝል ፓምፕ ራዲያተር ውስጥ ጠንካራ ውሃ በየጊዜው ሲጨመር ቱቦዎቹ ይጠባሉ፤ ሞተሩም ይግላል። በተጠባባቂነት የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ይህን ያስቀራል። ለባትሪ ግን የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ ፈጽሞ አይጨመርም።

ረ) የመድኃኒት መርጫ፦ ይህ የልማት ሠራተኛውን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ግላይፎሴት የተባለው የአረም መድኃኒት በጠንካራ ውሃ ሲበጠበጥ ካልሲየሙ ይይዘውና ኃይሉ ይቀንሳል። ገበሬው «መድኃኒቱ የውሸት ነው» ብሎ ሻጩን ይወቅሳል፤ ወይም መጠኑን እጥፍ ያደርጋል። መፍትሔው በመርጫው ውስጥ አስቀድሞ በ100 ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም አሞኒየም ሰልፌት፣ ይኸውም ለ20 ሊትር ከ200 እስከ 400 ግራም፣ አሟሙቶ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን መጨመር ነው። እንደ ማላታዮን ያሉ የተባይ መድኃኒቶች ደግሞ ሶዳ በበዛበት ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚፈራርሱ ተበጥብጠው ማደር አይገባቸውም፤ ወዲያው መረጨት አለባቸው። በማንኛውም ጊዜ የመድኃኒቱ መመሪያ መነበብ ይኖርበታል።

ሰ) የጠብታ መስኖ፦ ቅርፊት ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ፎስፎረስ ያለበትን ማዳበሪያ ከጠንካራ ውሃ ጋር በመስኖው መስመር መስደድ ደግሞ ዝቃጭ ስለሚፈጥር ጉዳቱን ያብሳል።

4. ውሃን በቀላል ዘዴ ስለመለየት

ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት የልማት ሠራተኛው በራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ሁለት ፈተናዎች አሉ።

የመጀመሪያው የሳሙና ፈተና ነው። ሁለት ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይዘጋጁ። በአንዱ የዝናብ ውሃ፣ በሌላው የሚመረመረው ውሃ እስከ ግማሽ ይጨመር። በእያንዳንዱ እኩል የተፈቀፈቀ የልብስ ሳሙና ተጨምሮ በኃይል ይናጥ። አረፋው ወዲያው ተነሥቶ ከቆየ ውሃው ለስላሳ ነው። አረፋው ጠፍቶ ውሃው ወተት መስሎ ዝቃጭ ከያዘ ጠንካራ ነው። የዱቄት ሳሙና በጠንካራ ውሃም አረፋ ስለሚያወጣ ለዚህ ፈተና አያገለግልም።

ሁለተኛው የቅርፊት ፈተና ነው። ከማንቆርቆሪያው ወይም ከሮቶው ሥር ጥቂት ዝቃጭ ተፍቆ ይደርቅና የሚከተለው ይታይ።

— በንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢሟሟ ጨው ወይም ሶዳ ነው።
— በውሃ ሳይሟሟ ሎሚ ሲጨመቅበት ቢፈላ የካልሲየም ቅርፊት ነው።
— ሎሚው ምንም ካላደረገውና እንደ መስተዋት ቢጠነክር ሲሊካ ነው፤ ይህም በእሳተ ገሞራ አገር የተለመደ ነው።
— ቡናማ ወይም ቀይ ሆኖ ቢላቁጥ ደለል ወይም የቧንቧ ዝገት ነው።

5. ቅርፊትን ስለማስወገድና ስለመከላከል

ማንቆርቆሪያ ለማጽዳት አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ይሞላና ይሞቃል፤ ከዚያም ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። የሎሚ ጭማቂም ያገለግላል። ከዚህ በኋላ ዕቃው ሁለትና ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቃል። በየወሩ የሚደረግ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ዓመት ከቆየ ግን ቅርፊቱ ድንጋይ ይሆናል። በብረት ወይም በቢላዋ መፋቅ ዕቃውን ይቧጭረዋል፤ በአሉሚኒየም ዕቃ ላይም አሲድ ማቆየት አይገባም።

ማሞቂያ ከመከፈቱ በፊት ኤሌክትሪኩ ከምንጩ መቋረጥ አለበት። ሥራውም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ቅርፊት የሚበዛው ውሃው ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ስለሆነ ማሞቂያውን ከዚህ አሳልፎ አለማጋል ይጠቅማል።

ለመታጠቢያ የሚሆን ውሃ ጊዜያዊ ጥንካሬ ካለው አፍልቶ፣ አስቀምጦና አጥልሎ መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ማገዶ ስለሚፈጅ ለብዙ ውሃ አይመከርም። ለልብስ ማጠቢያ የጣራ ውሃ ማጠራቀም የተሻለ ነው። በቡና ቤቶችና በሆቴሎች የሚተከለው በጨው የሚታደስ ማለስለሻ ካልሲየሙን አስወጥቶ ሶዲየም ያስገባል። ስለዚህ ለማሽን መልካም ቢሆንም ውሃውን ለችግኝ ማጠጣት አይገባም።

ማሳሰቢያ፦ አቼቶ፣ ሎሚ ወይም ሌላ አሲድ ከበረኪና ጋር በፍጹም አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የባትሪ አሲድም ለዕቃ ማጽጃ አይሆንም።

6. ቅርፊት የማይተው ውሃ ሁሉ ጤናማ አይደለም

በዓለም ጤና እና በመቂ መካከል በምትገኝ አንዲት ቀበሌ ያየነውን እዚህ ላይ እንተርካለን። ማኅበሩ ሁለት ጉድጓዶች ነበሩት። የአንደኛው ውሃ ማንቆርቆሪያ የሚያቆሽሽና ሳሙና የሚፈጅ ነበር። የሁለተኛው ውሃ ግን በእጅ ሲነካ ልስልስ የሚል፣ ጥቂት ሳሙና የሚበቃው፣ ቦሎቄ ቶሎ የሚያበስል ነበር። ኮሚቴው ከሁለተኛው ጉድጓድ ወደ ትምህርት ቤቱ ቧንቧ ለመዘርጋት ወስኖ የቧንቧ ገንዘብ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ቧንቧው ከመዘርጋቱ በፊት ውሃው ይመርመር ስንል አንዲት የኮሚቴ አባል የሆኑ እናት «ልጆቼ፣ ይህ ውሃ ዕቃ አያቆሽሽ፣ ሳሙና አይጨርስ፤ ምኑ ነው የሚመረመረው?» አሉን። መልስ ከመስጠታችን በፊት ግን በአጠገባቸው የቆመው የልጅ ልጃቸው ሲስቅ ጥርሱ ቡናማ መሆኑን አየን። ውሃው ተመርምሮ ሲመጣ ፍሎራይዱ ከተፈቀደው መጠን በላይ ሆኖ ተገኘ። ዕቃ የሚያቆሽሸው የመጀመሪያው ጉድጓድ ግን ከመጠኑ በታች ነበር።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ፍሎራይድ ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ በቀላሉ የማይሟሟ ማዕድን ይሠራል። ስለዚህ ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከልክ በላይ ለመብዛት ያዳግተዋል። ካልሲየሙ ተወግዶ በሶዲየም በተተካበት ውሃ ግን የሚይዘው ስለሌለ ይከማቻል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጊዜ ለስላሳው ውሃ ፍሎራይድ የሚበዛበት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ማለት ግን ጠንካራ ውሃ ሁልጊዜ ከፍሎራይድ ነጻ ነው ማለት አይደለም። የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደው ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ሲያልፍ ጥርሳቸው በማደግ ላይ ያለ ሕፃናት ጥርስ ይበላሻል። መጠኑ ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት ከተጠጣ አጥንትና መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ ጀርባም ይጎብጣል። ለዚህ ከሁሉ የሚታወቀው የወንጂ ታሪክ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ በኋላ የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች በዚህ በሽታ ተጎድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩት ከተመረመሩ ልጆች መካከል ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጥርስ ምልክት እንደታየባቸው ተገልጿል።

ፍሎራይድ ሽታ፣ ቀለምና ጣዕም የለውም። ቅርፊትም አይተውም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል። በሊትር 3 ሚሊ ግራም ያለበት 4 ሊትር ውሃ ፈልቶ 3 ሊትር ቢቀር መጠኑ 4 ሚሊ ግራም ይሆናል። ተራ ማጥለያ፣ የውሃ አጋርና ከላይ የጠቀስነው በጨው የሚታደስ ማለስለሻም አያስወግዱትም።

የሚያስወግዱት ዘዴዎች የታወቁ ናቸው። አንዱ በሚገባ ተቃጥሎ የተዘጋጀ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ነው። ሌላው በሕንድ አገር በናልጎንዳ ስም የሚጠራው፣ በአሉምና በኖራ የማዝቀጥ ዘዴ ነው። ሁለቱም በባለሙያ ተመዝነውና በየጊዜው እየተመረመሩ መሠራት አለባቸው። ከሁሉ የሚቀለው ግን ፍሎራይድ ያነሰበትን ምንጭ መምረጥ ወይም ለሕፃናት መጠጥና ለወጥ የሚሆን የጣራ ውሃ ማጠራቀም ነው። ለመታጠብና ለጽዳት ፍሎራይድ ያለበት ውሃ አይጎዳም።

በተጠቀሰችው ቀበሌ ኮሚቴው ቧንቧውን ከመጀመሪያው ጉድጓድ እንዲዘረጋ አደረገ። ሁለተኛው ለልብስ ማጠቢያ ተመደበ። ሶዲየም አፈርን ስለሚያጨቀይና ስለሚያደርቅ ለጎመን መደብ እንዳይውልም ተስማሙ።

7. ከልማት ሠራተኛውና ከማኅበሩ ምን ይጠበቃል?

ማንኛውም ማኅበር አዲስ ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ ቧንቧ ሲዘረጋ ወይም የጠብታ መስኖ ሲገዛ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ውሃውን ማስመርመር አለበት። ናሙናው እንደሚከተለው ይወሰዳል።

— ፓምፑ ለጥቂት ደቂቃዎች ይሠራ፤ የቆመው ውሃ ይፍሰስ።
— የአንድ ሊትር ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ። ለፍሎራይድ ምርመራ የመስተዋት ጠርሙስ አይሆንም።
— ጠርሙሱ አየር ሳይቀርበት እስከ አፉ ይሞላና ይከደን።
— የቀበሌው ስም፣ የጉድጓዱ ጥልቀትና ቀኑ ይጻፍበት።
— ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደሚቀርበው ላቦራቶሪ ሳይዘገይ ይድረስ። እንዲመረመር የሚጠየቀውም ጥንካሬ፣ ፍሎራይድ፣ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔት፣ ፒ.ኤች. እና የጨው መጠን ነው።

የምርመራው ውጤት በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ፤ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ሲለወጡም ለተተኪው ይተላለፍ። መዝገብ ከሌለ ያው ጉድጓድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ልስልስ ነው» ተብሎ እንደገና ለሕፃናት መጠጥ ይመረጣል።

ማጠቃለያ

ጠንካራ ውሃ ዕቃ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን ይታያል፣ በአቼቶም ይለቃል። ፍሎራይድ ያለበት ለስላሳ ውሃ ዕቃ አይጎዳም፤ በልጅ ጥርስና በአዋቂ አጥንት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን አይለቅም። ስለዚህ ማንቆርቆሪያው ስለ ዕቃችን ይነግረናል እንጂ ስለ ጤንነታችን አይነግረንም። የልማት ሠራተኛው በየቤቱ ቅርፊት ሲያሳዩት እንዴት እንደሚጸዳ ያስተምር፤ ቅርፊት የለም ሲሉት ግን «ውሃው ተመርምሯል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።